ከመርጨታችን በፊት ተክሉን እንጠይቀው፦ ለወጣት የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በሐረማያም ሆነ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የእጽዋት ሳይንስ፣ ባዮሎጂ ወይም ባዮቴክኖሎጂ ለምትማሩ፣ እንዲሁም ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ በየቀበሌው በልማት ሠራተኛነት ለተመደባችሁ ወጣቶች ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ጉዳይ ዘወትር ስለሚያሳስበኝ ነው። ዕድሜዬን በሰብል ጥበቃ ሙያ ያሳለፍሁት በዚሁ በሐረርጌ ምድር፣ ከኤረር ሸለቆ እስከ ቁልቢ ባሉት የማሽላ፣ የበቆሎና የቡና ማሳዎች ውስጥ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደ ታዘብሁት፣ አንድ ወጣት ባለሙያ የተበላ ቅጠል ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ተባዩ ምን እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ምን እንደሚረጭለት ይጠይቃል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን በመካከላቸው መነሣት የነበረበት ሌላ ጥያቄ ሳይነሣ ይታለፋል፤ እርሱም ተክሉ ራሱ በዚህ ሰዓት ምን እያደረገ ነው የሚለው ነው።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ተክል ከተባይ መሸሽ ስለማይችል ያለው አማራጭ በቆመበት መከላከል ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው በሞለኪዩሎች አማካይነት ነው። ነፍሳት ቅጠል መብላት የጀመሩት የሰው ልጅ ማረስ ከመጀመሩ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በመሆኑ፣ ዛሬ በማሳችን ላይ የቆሙት ሰብሎች ሁሉ ያንን ረጅም ትግል አልፈው የመጡ ናቸው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የሚረጨው ኬሚካል የተክሉን ሥራ ያግዝ ወይም ያሰናክል እንደሆነ መለየት አይችልም፤ ተባዩን እየገደለ ለተክሉ የሚዋጋውን ተርብ ከተባዩ ጋር አብሮ ሲጨርሰውም አይታወቀውም። ለጫት፣ ለቲማቲምና ለሽንኩርት በአካባቢያችን ያለ ጥንቃቄ የሚረጨውን መርዝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጓንት ያላደረገ እጅ፣ አፍና አፍንጫው ያልተሸፈነ ወጣት፣ በተረጨ በጥቂት ቀን ውስጥ ገበያ የሚወጣ ምርት በየመንገዱ ይታያል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ሁሉ መርዝ የሚፈስሰው ተክሉ ራሱ የያዘውን መከላከያ ማንም ሳይመረምረው መሆኑ ነው።

ተክል ሲበላ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በዚያ ዓመት ግሪንና ክላረንስ ራያን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ጥንዚዛ የድንችንና የቲማቲምን ቅጠል ሲበላ፣ በተበላው ቅጠል ብቻ ሳይሆን ባልተነኩትም ቅጠሎች ውስጥ አንድ ዓይነት ፕሮቲን እንደሚከማች አሳዩ። ይህ ፕሮቲን በነፍሳት አንጀት ውስጥ ምግብን የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ይዞ ሥራ ያስፈታል። አባጨጓሬው ቅጠሉን ይበላል፣ ሆዱም ይሞላል፤ ነገር ግን የበላውን ፕሮቲን ሰባብሮ ለሰውነቱ ማዋል ስለሚያቅተው ዕድገቱ ይጓተታል፣ ለወፍና ለተርብ ተጋልጦ የሚቆይበት ጊዜም ይረዝማል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ቲማቲም ከዚህ አልፎ ሌሎች ኢንዛይሞችን በቅጠሉ አምርቶ ወደ አባጨጓሬው አንጀት እንደሚልክ፣ እነርሱም እዚያው አንጀት ውስጥ አርጊኒንና ትሪዮኒን የተባሉትን ለነፍሳቱ የግድ የሚያስፈልጉ አሚኖ አሲዶች እንደሚያጠፉ አረጋግጠዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የማረከኝ ግን ያልተነካው ቅጠል ማወቁ ነው። ቁስሉ ያለው ታች ነው፤ መከላከያው የሚመረተው ላይ ነው። ወሬው በምን ደረሰ?

መልሱን ለማግኘት ብዙ ዓመት ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1991 የራያን ቤተ ሙከራ ከቲማቲም ቅጠል ውስጥ ሲስተሚን የተባለ፣ በ18 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት አገኘ፤ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚጓዘው መልእክት እርሱ ራሱ ነው ተብሎም ታሰበ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ነገሩን አጠራው። ተመራማሪዎቹ ጃስሞኒክ አሲድ የተባለውን ሆርሞን መሥራት የማይችል አንድ ቲማቲም፣ ሆርሞኑን መሥራት እየቻለ ለእርሱ ምላሽ መስጠት የማይችል ሌላ ቲማቲም፣ እንዲሁም ጤናማ ቲማቲም ወሰዱ። የአንዱን ጫፍ ቆርጠው በሌላው ጉቶ ላይ አጣብቀው ካበቀሉ በኋላ የታችኛውን ክፍል አቁስለው የላይኛውን ተመለከቱ። ታች ያለው ሆርሞኑን መሥራት የማይችል ሲሆን፣ ላይ ያለው ጤናማ ቅጠል ምንም አላወቀም። ታች ያለው ሆርሞኑን የሚሠራ ነገር ግን ራሱ የማይመልስ ሲሆን፣ ላይኛው ቅጠል መከላከያውን አመረተ። እንግዲህ ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ለሚሄደው መልእክት ጃስሞኒክ አሲድ ግድ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ይህን ሙከራ በዝርዝር የምነግራችሁ ዋናው መሣሪያ ስለት፣ ማጣበቂያና በደንብ የታሰበበት ጥያቄ ስለነበረ ነው። በየቤተ ሙከራችን መሣሪያ የለም የሚለው ቅሬታ እውነት ቢሆንም፣ ከመሣሪያው በፊት የሚጎድለን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ከጃስሞኒክ አሲድም የሚቀድም ምልክት አለ። አንድ ሴል በጥርስ ሲቀደድ በውስጡ ያለው ግሉታሜት ይፈስሳል፤ ግሉታሜቱን የሚያውቁ በጎረቤት ሴሎች ሽፋን ላይ ያሉ ቦዮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየምም ወደ ሴሉ ይገባል፤ ይህም በቅጠሉ ውስጥ እንደ ደም ሥር በተዘረጉት መስመሮች በኩል እየተላለፈ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ካልሲየም ሲነካው የሚያበራ ፕሮቲን ተመራማሪዎች ዘወትር ለሙከራ በሚጠቀሙበት አረቢዶፕሲስ በተባለ ትንሽ ተክል ውስጥ አስገብቶ ይህንን በዓይን እንዲታይ አድርጎታል፦ አባጨጓሬ አንዱን ቅጠል ሲበላ ብርሃኑ ከቁስሉ ተነሥቶ በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር ገደማ እየተጓዘ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሩቅ ያለውን ቅጠል ይደርሳል። ምስሉን አግኝታችሁ ደጋግማችሁ ተመልከቱት፤ ከዚያ በኋላ ማሳ ውስጥ ስትቆሙ ተክልን የምታዩበት ዓይን ይለወጣል።

መልእክቱ ከደረሰ በኋላ በሴሉ ውስጥ የሚሆነውን በጥንቃቄ እንድታጠኑት እለምናችኋለሁ፤ ምክንያቱም ወደፊት ከዝርያ ማሻሻል ጋር የሚገናኘው ይህ ክፍል ነው። ጃስሞኒክ አሲድ የሚሠራው በክሎሮፕላስት ሽፋን ውስጥ ካለው ሊኖሌኒክ አሲድ ከተባለ ቅባት ተነሥቶ ነው። ተሠርቶ ሲያበቃ አይሶሉሲን ከተባለ አሚኖ አሲድ ጋር ይጣመራል። በሰላሙ ጊዜ ጃዝ የተባሉ ፕሮቲኖች የመከላከያ ጂኖችን የሚያስነሡትን እንደ ማይክ2 ያሉ ፕሮቲኖች ይዘው ያፍኗቸዋል። ጥምሩ ሆርሞን ሲመጣ ኮይ1 ከተባለው ፕሮቲን ጋር ጃዝን አያይዞ ለመጥፋት ምልክት ያስደርግበታል፤ ጃዝ ሲበታተን ታፍነው የነበሩት ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችም ሥራ ይጀምራሉ። ጃዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ተክሉ መከላከያውን ዘወትር ክፍት የማያደርገው ዋጋ ስለሚያስከፍለው ነው፤ ናይትሮጅንና ጉልበት የሚፈስሰው ወይ ወደ ዕድገት ወይ ወደ መከላከል ነው።

ይሁን እንጂ ተክሉ የሚመልሰው ለቁስሉ ብቻ አይደለም። በምላጭ የተቆረጠ በቆሎና አባጨጓሬ የበላው በቆሎ የሚሰጡት ምላሽ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከአንድ የተምች ዘመድ አባጨጓሬ አፍ ከሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ቮሊሲቲን የተባለ ውህድ ተለይቶ ወጣ። ይህ ውህድ በበቆሎ ቁስል ላይ ሲቀባ ተክሉ ልዩ የሽታ ቅልቅል ወደ አየር ይለቅቃል፤ ያንን ሽታ ተከትላ የምትመጣው ጥገኛ ተርብም እንቁላሏን በአባጨጓሬው ሰውነት ውስጥ ትጥላለች። ደስ የሚለው ነገር፣ ቮሊሲቲን ግማሽ አካሉ የሚመጣው አባጨጓሬው ከበላው ከራሱ ከቅጠሉ ቅባት መሆኑ ነው።

በዚህ በእኛ አካባቢ ግን ከሁሉ የሚቀርበን አስተማሪ ማሽላ ነው። ለጋ ማሽላ ከብት እንደሚገድል በሐረርጌ የማያውቅ አርሶ አደር የለም። ማሽላውን ጠቅጠቅ አድርጎ ዘርቶ በኋላ እያሳሳ የሚነቅለውን ለከብቱ የሚሰጥ ገበሬ፣ ቡቃያው ስንት ጊዜ ከቆየ በኋላ እንደሚሰጥና በየትኛው ሁኔታ እንደማይሰጥ ከአባቱ የተማረው አለ። የዚህ ዕውቀት ሞለኪዩላዊ ምክንያት ዱሪን የሚባል ውህድ ነው። ዱሪን ታይሮሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ተነሥቶ በሦስት ኢንዛይሞች ተሠርቶ፣ መጨረሻ ላይ ስኳር ተለጥፎበት በቅጠሉ የውጭ ሽፋን ሴሎች ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። እንዲህ ሆኖ ሲቀመጥ ጉዳት የለውም። ስኳሩን የሚቆርጠው ኢንዛይም ደግሞ በሌላ ቦታ፣ በውስጠኛው የቅጠል ክፍል ሴሎች ክሎሮፕላስት ውስጥ ይገኛል። ተክሉ እሳቱንና ጭዱን በሁለት ክፍል ለይቶ ማስቀመጡ ነው። አንድ ነፍሳት ቅጠሉን ሲያኝክ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ስኳሩ ይቆረጣል፣ ቀሪውም ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይለቅቃል። ሳያናይድ በሴል ውስጥ ኦክስጅንን የሚጠቀመውን የመጨረሻ ኢንዛይም ያቆማል፤ ይህም ለጥንዚዛም ለበሬም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎች ዱሪንን የሚሠሩትን የማሽላ ጂኖች ወደ አረቢዶፕሲስ ሲያዛውሩ፣ ያ ተክል ሳያናይድ ማውጣት ጀመረ፤ ቅጠሉን ይበላ የነበረውም ትንሽ ጥንዚዛ ተወው። ሦስት ጂኖች ናቸው ሙሉውን መከላከያ ይዘው የሄዱት።

ወጣት የልማት ሠራተኞች ይህን ልብ በሉ። ዱሪን በለጋነት ጊዜ ይበዛል፤ ድርቅ ሲመታና ከተቆረጠ በኋላ እንደገና ሲያቆጠቁጥም መጠኑ ይጨምራል። ዝናብ ተቋርጦ መኖ የጠፋበት ሰሞን፣ ገበሬው ለከብቱ ምንም ሣር ሲያጣና ዓይኑ ወደ ጠወለገው ማሽላ ሲያይ፣ አደጋው ከፍ የሚለው ያኔ ነው። በዚያ ሰሞን ሄዳችሁ ማስጠንቀቅ ከመቶ ስብሰባ ይበልጣል። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ካላችሁም ተማሩ፤ ገበሬው የሚነግራችሁ ዝርዝር በአስተርጓሚ አፍ ሲያልፍ ይሳሳል።

በቆሎም ተመሳሳይ ዘዴ አለው። ዲምቦኣ የተባለውን መርዝ ስኳር ለጥፎበት ያስቀምጣል፤ ሲታኘክ ስኳሩ ይቆረጥና መርዙ ይነቃል። ይህ በለጋ በቆሎ ውስጥ ብዙ ነው፤ ተክሉ ሲያድግ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ መከላከያ እያለው እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች በቆሎን ለምን እንዲያ አወደመው? የተምቹ አንጀት የተቆረጠውን ስኳር መልሶ ይለጥፋል። የሚለጥፈው ግን እንደ በፊቱ አይደለም፤ የሞለኪዩሉን አቅጣጫ ገልብጦ ነው የሚለጥፈው፤ በመሆኑም የበቆሎው ኢንዛይም ዳግመኛ ሊቆርጠው አይችልም። መርዙ እንደ ተዘጋ ከኩሱ ጋር ይወጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ሳነብ ለተባዩም ቢሆን አክብሮት ይሰማኛል፤ ያላከበሩትን ጠላት ደግሞ ማሸነፍ ይከብዳል።

ስለ ኩሱ ካነሣሁ አንድ ነገር በቅርብ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ተምች የገባበትን በቆሎ ገና ያልተዘረጉትን የመሀል ቅጠሎች በጣታችሁ ፈልቀቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቅጠሉ ላይ መጀመሪያ አረንጓዴው ተግጦ ስስ ሽፋኑ ብቻ የቀረ መስኮት መሳይ ምልክት፣ ዝቅ ሲል የተቀዳደደ ጠርዝ፣ ከሥሩ ደግሞ እርጥብ ቡናማ የኩስ ክምር ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ክምር የተባዩን መኖር የሚያረጋግጥ ምልክት አድርጎ ብቻ ያየዋል። በጥናት እንደታወቀው ግን ኩሱ ራሱ ሥራ አለው፤ በውስጡ ካይቲኔዝ የተባሉ፣ ከራሱ ከበቆሎው የመጡ ፕሮቲኖች አሉ፤ ተክሉም እነዚህን በቁስሉ ላይ ሲያገኛቸው የመጣበት ነፍሳት ሳይሆን የበሽታ ተሕዋስ ይመስለዋል። ስለዚህ ለበሽታ የሚሆነውን በሳሊሲሊክ አሲድ የሚመራውን መከላከያ ያነሣና፣ ለነፍሳት የሚሆነውን የጃስሞኒክ አሲድ መከላከያ ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱ ሆርሞኖች ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን ስለሚጫኑ ተባዩ በዚያ ክፍተት ይጠቀማል። የኩሱ ክምር በመሀል ቅጠሉ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚቆየው ተምቹ እዚያው ስለሚኖር ነው፤ ይህም ለተክሉ ሁለተኛ ጉዳት መሆኑን ያወቀ ሰው በመስክ የሚያየውን ነገር በሌላ ዓይን ይመዘግባል።

ስለ ቡና ሳልናገር ከሐረር የጻፍሁት ደብዳቤ አይሆንም። ካፌይን ለእኛ ደስታ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ቡና ካፌይንን የሚሠራው ዛንቶሲን ከተባለ ውህድ ላይ ሜቲል የተባለውን የካርቦን ቡድን ደረጃ በደረጃ በመለጠፍ ሲሆን፣ ለጋ ቅጠሉና ፍሬው ውስጥ ያከማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ጥናት ካፌይን የነፍሳትን አመጋገብና ዕድገት እንደሚያውክ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የቡና ጂኖም ሲነበብ ደግሞ ቡና ካፌይን የመሥራት ችሎታውን ያገኘው ከሻይና ከካካዎ ተለይቶ በራሱ መንገድ መሆኑ ታወቀ፤ የተለያዩ እጽዋት በየፊናቸው ወደ አንድ ሞለኪዩል መድረሳቸው የሞለኪዩሉን ጠቃሚነት ይመሰክራል። ታዲያ የቡናን ፍሬ ቦርቡሮ የሚገባው ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ ዕድሜውን ሁሉ በዚያ ፍሬ ውስጥ እንዴት ይኖራል? መልሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተገኘ፦ በአንጀቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ካፌይኑን ያፈርሱለታል። ባክቴሪያዎቹ በአንቲባዮቲክ ሲጠፉ ጥንዚዛው ካፌይኑን ማፍረስ አቃተው፣ የሚጥለው እንቁላልም ቀነሰ። በጃርሶና በጉርሱም የቡና ዛፍ ሥር ስትቆሙ የምታዩት ትግል እንግዲህ በቡናውና በጥንዚዛው መካከል ብቻ የሚካሄድ አይደለም፤ ዓይን የማያየው ሦስተኛ ወገን አለበት።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወደ አስጻፈኝ ነጥብ ልምጣ። ዝርያ ስናሻሽል ምርትን አየን፣ የፍሬ መጠንን አየን፣ ቶሎ መድረስን አየን። ተክሉ ከነፍሳት ጋር የሚነጋገርበትን ኬሚስትሪ ግን አላየንም፤ ያላዩት ነገር ደግሞ ሳይታወቅ ይጠፋል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። የበቆሎ ሥር በትል ሲበላ ካርዮፊሊን የተባለ ውህድ ወደ አፈር ይለቅቃል፤ ያም ትሉን የሚገድሉ ጥቃቅን ክብ ትሎችን ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናት እንዳሳየው አብዛኞቹ የሰሜን አሜሪካ ዝርያዎች ይህን ውህድ መልቀቅ አቁመዋል፤ የአውሮፓ ዝርያዎችና የበቆሎ የዱር ዘመድ ግን ይለቅቃሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ችሎታውን ከኦሬጋኖ በተወሰደ ጂን መልሰው በበቆሎው ውስጥ አስገቡት፤ በሥሩ ላይ የሚደርሰውም ጉዳት ቀነሰ። ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት፣ ትሏ አገዳ የሚቦረቡረው የእሳት እራት፣ የአገዳ ቆርቁር እናት፣ እንቁላሏን በቅጠሉ ላይ ስትጥል ብቻ፣ ገና አንድም ትል ሳይፈለፈል፣ አንዳንድ ነባር የበቆሎ ዝርያዎች ሽታ አመንጭተው እንቁላሉን የሚያጠፉ ተርቦችንም ትሉን የሚያጠቁ ተርቦችንም እንደሚጠሩ አሳይቷል። አብረው የተፈተኑት በገበያ ያሉ ዲቃላ ዝርያዎች ይህን አላደረጉም።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ የአንድ አሮጊት ገበሬ የዘር ቅል ውስጥ ያለውን ማሽላ በሌላ ክብር አየዋለሁ። በምሥራቅ ሐረርጌ ሙይራና ፈንዲሻ እየተባሉ የሚጠሩትና ሌሎችም ነባር ማሽላዎች በብዙ ትውልድ ተባይ መካከል ተመርጠው የቆዩ ናቸው። የዓለማያ ኮሌጅ ተመራቂው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን የሥር ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው፤ አቀንጭራን የመቋቋሙም ሥራ መሠረት የማሽላ ሥር ወደ አፈር የሚለቅቀውን፣ የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል መረዳትና ጥቂት ብቻ የሚለቅቁትን ዝርያዎች ለይቶ መጠቀም ነበር። አቀንጭራ ነፍሳት ባይሆንም መንገዱ አንድ ነው፦ ከነባሩ ዘር ተነሥቶ ሞለኪዩሉን አውቆ ወደ ማሳ መመለስ። ከእናንተ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ሰው ያደረገው ነው።

ዕድገትና መከላከል ይጣላሉ ካልሁ በኋላ አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በአረቢዶፕሲስ ላይ በርካታ የጃዝ ጂኖችንና ፋይቶክሮም ቢ የተባለውን የብርሃን ተቀባይ በአንድነት ሲያጠፋ፣ ተክሉ እያደገም እየተከላከለም ተገኘ። ስለዚህ ጠቡ የጉልበት እጥረት ብቻ አይደለም፤ ተክሉ ራሱ በጂኖቹ የወሰነው ነው፣ የተወሰነም ነገር ሊለወጥ ይችላል። ፋይቶክሮም ቢ ጎረቤት ተክል ጥላ ሲጥል የሚያውቅ ፕሮቲን ነው፤ ተክል ሲጨናነቅ ወደ ላይ መሮጥን ያስቀድማል፣ የጃስሞኒክ አሲድ መከላከያውም ይዳከማል። ገበሬዎቻችን ማሽላን በጊዜው ሲያሳሱ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ አንጻር ሲታይ ከውኃና ከአፈር ለምነት ያለፈ ትርጉም እንዳለው መመርመር ለማስተርስ ጥናት የሚበቃ ርእስ ነው።

የተክሉን ቋንቋ ማሳ ላይ መጠቀም እንደሚቻልም የታየ ነገር ነው። በኬንያ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው ዘዴ በበቆሎው ወይም በማሽላው መካከል ደስሞዲየም የተባለ ተክል፣ በዙሪያው ዝሆኔ ሣር ማብቀል ነው፤ የመጀመሪያው ሽታ የአገዳ ቆርቁርን እናት ያርቃል፣ የሁለተኛው ይስባታል። ደስሞዲየም አቀንጭራንም ስለሚያጠፋና ሁለቱም ለከብት መኖ ስለሚሆኑ፣ መሬቱ ጠባብ ለሆነበት ለሐረርጌ ገበሬ ከሚታሰቡት ሁሉ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል።

ስለ አጠናናችሁ ጥቂት ልበል። ኬሚስትሪን አትሽሹ። ብዙ የሰብል ጥበቃ ተማሪ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን እንደ ቅጣት ቆጥሮ አልፎ ይሄዳል፤ ከላይ የጻፍሁት ሁሉ ግን ያለ እርሱ አይነበብም። አሥር እጥፍ የምታጎላ የእጅ መነጽር ከኪሳችሁ አትለይ። ድሬዳዋ ዳርቻ ባሉት የቲማቲም አትክልት ቦታዎች የለጋ ቅጠል ግንድ በመነጽሩ ተመልከቱ፤ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ጠብታ የያዙ ፀጉሮች ተሰልፈው ታያላችሁ። በጣታችሁ ስትነኳቸው ጠብታው ይፈነዳል፣ ጣታችሁ ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቲማቲም የምንለው ያ ኃይለኛ ሽታ ይወጣል። ትንንሽ ነፍሳት በዚያ ሙጫ ተይዘው ሲሞቱ ታገኛላችሁ። ተክሉ ከተበላ በኋላ የሚያወጣቸው አዳዲስ ቅጠሎች እነዚህን ፀጉሮች በብዛት ይይዛሉ፤ ይህም ለጃስሞኒክ አሲድ የሚሰጠው መልስ ነው። በአንድ የተበላና በአንድ ያልተበላ ተክል አዲስ ቅጠል ላይ ቆጥራችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ፤ ወጪው የመነጽሯ ዋጋ ብቻ ነው።

ከፍታንም አትርሱ። ከሐረማያ ተነሥታችሁ በደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ የሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የተባዩም ዓይነት ይለወጣል፤ ደጋው የነባሩ የአፍሪካ አገዳ ቆርቁር አገር ነው፣ ቆላው ደግሞ ከእስያ የመጣው ነጠብጣባም አገዳ ቆርቁር ይበዛበታል። እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ በሩቅ አገር ያሉ ተመራማሪዎች አያገኙም።

ከእናንተ መካከል አንዱ እንኳ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ይህ ነው። ከቆምቦልቻ፣ ከቀርሳ፣ ከፈዲስና ከባቢሌ ነባር የማሽላና የበቆሎ ዘሮችን ሰብስቡ፤ ለማነጻጸርም የተሻሻሉትን አብራችሁ ያዙ። በማሰሮ አብቅላችሁ፣ ግማሹን የአገዳ ቆርቁር እናት እንቁላል እንድትጥልበት አድርጉ፣ ግማሹን ንጹሕ ተዉት። ሁለት ክንድ ባለው የመስታወት ቱቦ አንድ ወገን እንቁላል ከተጣለበት ተክል፣ በሌላው ወገን ከንጹሑ ተክል የሚመጣ አየር እያስገባችሁ፣ ተርቧ ወደ የትኛው እንደምትሄድ መዝግቡ። ሽታውን በዝርዝር ለመለየት የጋዝ ክሮማቶግራፊ ያስፈልጋል፤ እርሱን በትብብር ታገኙታላችሁ፣ ተርቧ ግን ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለዚያ መሣሪያ ትመልስላችኋለች። በእያንዳንዱ የዘር ከረጢት ላይ ዘሩን የሰጠው ገበሬ የሚጠራበትን ስም፣ ቀበሌውን፣ ከፍታውንና ገበሬው ስለ ተባይ የተናገረውን ጻፉ። ዘሩን ስትቀበሉ ደግሞ ለገበሬው የምታጠኑትን ንገሩት፣ ውጤቱንም መልሳችሁ አድርሱለት። ከሰበሰባችሁት ላይ ግማሹን ለሙከራችሁ አስቀርታችሁ፣ ግማሹን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የአገራችንን ዘር እያሰባሰበ ወዳለው ወደ አዲስ አበባው የዘረመል ባንክ በሚመለከተው አካል ፈቃድ ላኩት፤ የባቢሌው ዘር ድርቅ በመታው ዓመት ከገበሬው ጎታ ቢጠፋ እንኳ ተመልሶ የሚዘራ እንዲኖር።